የሚበላ ሁሉ ደም አይሆንም

«ሆድ ከአገር ይሰፋል» ይላሉ አበው። ይህን ሲሉ ሰው ብዙ ነገር ችሎ ለማደር የሚችል መሆኑን ማመልከታቸው ነው እንጂ ስለ አንጀት አሠራር ማስተማራቸው አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ቃሉን እንደ ቃሉ ወስደን፣ ስለዚያው ስለ ሆድ ጥቂት ለመናገር ተነሥተናል። ስንት የተማሪ ችግር እያለ ስለ አንጀት መጻፍ ምን አመጣው የሚሉን አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ቢታገሡን፣ ነገሩ ከኪሳችንም ከትምህርታችንም የራቀ አለመሆኑን እናሳያቸዋለን።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከመኝታ ቤታችን ጓደኞች አንዱ፣ በምግብ ቤቱ መመገቡን ትቶ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ከሚቀበሉት፣ «ነን ካፌ» ከምንላቸው ወገን ነው። ይህ ወንድማችን አንድ ቀን ከከተማ አንድ የክኒን ብልቃጥ ገዝቶ ገባ። በብልቃጡ ላይ በትልልቅ ፊደል «ክዌርሴቲን 500 ሚሊግራም» የሚል ተጽፎበታል፤ ከሥሩም ከዕፅዋት የተገኘ ፍላቮኖይድ መሆኑን፣ ልብን የሚጠብቅና አእምሮን የሚያነቃ መሆኑን የሚናገር ቃል ተጨምሮበታል። ለዚህ ብልቃጥ ዋጋ ሲል ወንድማችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳውን ዘለለ። ፈተና ስለ ደረሰ አእምሮው እንዲነቃለት መፈለጉ ነበር፤ እኛ ግን ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ እናየው ነበር።

አንድ ምሽት ከመካከላችን አንዱ፣ «ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ሚሊግራም ወደ ደምህ የሚገባው ስንቱ ነው?» ሲል ጠየቀው። ወንድማችን መልስ አልነበረውም። የሚያሳፍረው ግን እኛም አልነበረንም። ከመካከላችን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፋርማሲ የሚማሩ አሉ፤ ሁላችንም በየፈተናችን «ፍላቮኖይዶች አንቲኦክሲዳንት ናቸው» ብለን ጽፈን ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል። ከአፍ ወዲያ የት እንደሚደርሱ ግን የጠየቀንም፣ እኛም የጠየቅነው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ያነበብነውንና ከዚያ ተነሥተን የደረስንበትን አሳብ እነሆ እናቀርባለን።

ፍላቮኖይድ የሚባሉት ዕፅዋት ለራሳቸው ጉዳይ የሚሠሯቸው ውሕዶች ናቸው። አንዳንዶቹ ለአበባና ለፍሬ ቀለም ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ቅጠሉን ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይጋርዱታል፤ ሌሎቹ ተባይንና ሻጋታን ይከላከሉለታል። እስካሁን ከስድስት ሺሕ የሚበልጡ ዓይነቶች ታውቀዋል። የሁሉም አጽም 15 የካርቦን አቶሞች ያሉት ሲሆን፣ ሁለት ቀለበቶች በሦስት ካርቦኖች ተያይዘው የሚሠሩት ነው። በቀይ ሽንኩርት ክዌርሴቲን፣ በብርቱካን ሄስፔሪዲን፣ በሻይ ቅጠል ካቴኪን፣ በአኩሪ አተር ዳይድዜን ይገኛል። ስለ እኛ ልብ ተጨንቆ ክዌርሴቲን የሚያዘጋጅ ሽንኩርት ግን የለም። ተክሉ የሠራው ለራሱ ነው፤ እኛ ስንበላው ሰውነታችን የሚቀበለው እንደ እንግዳ ነገር ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌላም መያዝ የሚገባው ነጥብ አለ። ከጥቂቶቹ፣ ለምሳሌ ከሻይ ካቴኪን በቀር፣ ፍላቮኖይዶች በተክሉ ውስጥ ብቻቸውን አይገኙም። ከስኳር ጋር ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ወደ ደም የመግባታቸው ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነውም የተጣበቀባቸው ስኳር ምን ዓይነት እንደ ሆነ በመመልከት ነው።

ስለ እነዚህ ውሕዶች ትልቅ ተስፋ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 የሃንጋሪው ሊቅ አልበርት ሴንት-ጆርጂ ከባልደረባው ከሩስኒያክ ጋር ሁኖ፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች እንዳያፈስሱ ይረዳሉ በማለት ለፍላቮኖይዶች «ቫይታሚን ፒ» የሚል ስም ሰጣቸው። ሰውየው በዓመቱ፣ በ1937፣ በሌሎች ሥራዎቹ የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ ታላቅ ሳይንቲስት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ቫይታሚን ለመባል ሲጎድል የታወቀ በሽታ የሚያመጣ መሆን አለበት። በፍላቮኖይድ ጉድለት የሚመጣ በሽታ ስላልተገኘ በ1950 አካባቢ ስሙ እንዲቀር ተመከረ። የታላቅ ሰው አሳብ እንኳ በማስረጃ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲቀል ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ለሳይንስ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

ነገሩ እንደ ገና የተነሣው በ1993 ነው። በኔዘርላንድ አገር በዙትፈን ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 805 ወንዶች ምግባቸው ተመዝግቦ ጤንነታቸው ሲጠና፣ ፍላቮኖይድ ይበልጥ ያገኙት በልብ ደም ሥር በሽታ የሞቱት በቁጥር ያነሱ ሁነው ተገኙ። የእነዚህ ሰዎች ፍላቮኖይድ በአመዛኙ የመጣው ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ነበር። ጥናቱ ደኅና ጥናት ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየን ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ነው እንጂ አንዱ ሌላውን ማስከተሉን አይደለም። አትክልት አዘውትሮ የሚበላ ሰው በሌላም ብዙ ነገር ከማይበላው ሊለይ ይችላል። ነጋዴው ግን ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ሽንኩርቱን ትቶ ክዌርሴቲኑን ብቻ አውጥቶ በብልቃጥ ከተተው።

አሁን ወደ አንጀት እንግባ። ከስኳር ጋር የተጣበቀ ፍላቮኖይድ በቀጭኑ አንጀት በኩል ሊያልፍ አይችልም፣ ወፍራሙ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያዎች ስኳሩን እስኪቆርጡለት መጠበቅ አለበት የሚለው አሳብ ብዙ ዓመት ጸንቶ ቆይቶ ነበር። በ1995 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ሆልማንና ባልደረቦቹ፣ ይህን በሰው ላይ ፈተኑት። የመረጧቸው ዘጠኝ ሰዎች ጤነኞች ቢሆኑም፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ወፍራም አንጀታቸው የወጣላቸውና የቀጭኑ አንጀት ጫፍ በሆዳቸው በኩል ወደ ውጭ የተከፈተላቸው ነበሩ። የበሉት ነገር በቀጭኑ አንጀት ሳይመጠጥ የቀረ እንደ ሆነ ወደ ከረጢት ይወጣና ይለካል። ዘዴው ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነበር።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። ከሽንኩርቱ ክዌርሴቲን 52 በመቶ ያህሉ ተመጠጠ። ምንም ስኳር ያልተጣበቀበት ንጹሕ ክዌርሴቲን ሲሰጣቸው የተመጠጠው 24 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሩቲን የተባለው፣ ያው ክዌርሴቲን ሁኖ ግሉኮስና ራምኖስ የተባሉ ሁለት ስኳሮች ተያይዘው የተጣበቁበት፣ 17 በመቶ ያህል ብቻ ገባ። ስኳር ያግደዋል የተባለው ሽንኩርት ስኳር ከሌለው በለጠ ማለት ነው። የሽንኩርቱ ስኳር ግሉኮስ ነውና።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1997 ደምን በየሰዓቱ እየቀዱ ሲለኩ ልዩነቱ ይበልጥ ተገለጠ። ሽንኩርት የበሉ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የክዌርሴቲኑ መጠን ከፍተኛው ላይ የደረሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ፖም ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ሩቲን ሲሆን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ወሰደ። ከፖምና ከሩቲን የተገኘውም በጠቅላላው ከሽንኩርቱ ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በሦስቱም ውስጥ ያለው ክዌርሴቲን አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የተጣበቀበት ስኳር ነው።

ግሉኮሱን የሚቆርጠው ማን ነው? በ2000 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት መልሱን አመለከተ። በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኘው፣ የወተትን ስኳር የሚቆርጠው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ወተት ሲጠጡ ሆዳቸውን የሚነፋቸው ሰዎች የሚያንሳቸው ይኸው ኢንዛይም ነው። ላክቴዝ ግሉኮሱን ሲቆርጥለት ፍላቮኖይዱ ብቻውን ይቀርና በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለ ሆነ በሕዋሱ ሽፋን በኩል ያልፋል። ከዚህ ሌላ ለግሉኮስ በተሠራው አስተላላፊ በኩል ከነስኳሩ ወደ ሕዋሱ ገብቶ እዚያ ውስጥ የሚቆረጥበት መንገድ እንዳለም ይታሰባል። የሩቲን ጥንድ ስኳር ግን ለላክቴዝ አይመችም። ስለዚህ ሩቲን ቀጭኑን አንጀት አቋርጦ ወደ ወፍራሙ ይወርዳል፤ ዘጠኝ ሰዓት የፈጀበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሕዋሱ የገባውስ በቀጥታ ወደ ልባችን ይሄዳልን? አይሄድም። የአንጀቱ ሕዋስ እንደ ኬላ ነው። እንግዳ ነገር ሲገባ ሳያስመዘግብ አያልፍም። ቀደም ብለን ይያዝልን ያልነው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሕዋሱ በፍላቮኖይዱ ላይ ግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ሰልፌት ወይም ሜቲል ይለጥፍበታል፤ ከፊሉንም በልዩ ፓምፖች እየመለሰ ወደ አንጀቱ ውስጥ ይጥለዋል። የተረፈው ከአንጀት ወደ ጉበት በሚወስደው ደም ሥር ሄዶ በጉበት ሁለተኛ ኬላ ያጋጥመዋል፤ እዚያም ይለጠፍበታል። ከዚያ ወዲያ ከፊሉ በሐሞት በኩል ተመልሶ ወደ አንጀት ይወርዳል፣ ከፊሉ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ሰውነት ለብዙ መድኃኒቶች የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ በውኃ የሚሟሟ አድርጎ ማስወጣት።

ከዚህ የተነሣ በደማችን ውስጥ ነጻ ክዌርሴቲን ከቶ የለም ለማለት ይቻላል። የሚዞረው የተለጣጠፈበት ዘመዱ ነው። መጠኑም ከተለመደ ምግብ በኋላ በሊትር ከአንድ ማይክሮሞል በታች ነው። አሁን ብዙ ሰው የሚጠቅሳቸውን የመሞከሪያ ቱቦ ጥናቶች እንመልከት። በእነዚያ በርካታ ጥናቶች ውስጥ በሕዋሶች ላይ የፈሰሰው ነጻው ክዌርሴቲን ነው፤ መጠኑም ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞል ነው። የተፈተነው ሌላ፣ በደም ውስጥ ያለው ሌላ፤ መጠኑም አሥር እጥፍና መቶ እጥፍ የሚለያይ። ሆልማን የለካው 52 በመቶ እንኳ ከአንጀቱ ውስጥ የጠፋውን መጠን ነው እንጂ ሳይለወጥ ደም ውስጥ የደረሰውን አይደለም። እኛ በፈተና ወረቀታችን ላይ የጻፍነው አረፍተ ነገር በቱቦው ውስጥ እውነት ነው። በሰውየው ውስጥ እውነት መሆኑን ግን አላረጋገጥንም ነበር።

ያልተመጠጠውስ? አብዛኛው ወደ ወፍራሙ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ቁጥራቸው በሺሕ ቢሊዮን የሚቈጠር ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። ቀጭኑ አንጀት ያልቻለውን ስኳር ይቆርጣሉ፣ ቀለበቱን ይሰባብራሉ፣ ትንንሽ ፌኖሊክ አሲዶች ያደርጉታል፤ ከእነዚህም የተወሰነው ወደ ደም ይመጠጣል። የባክቴሪያው ዓይነት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። የአኩሪ አተሩን ዳይድዜን ኢኩኦል ወደሚባል ውሕድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ያሉት ከሦስት ሰዎች በአንዱ እስከ ግማሽ በሚሆኑት ዘንድ ብቻ ነው። አንድ ገበታ ቀርበን አንድ ሣህን ብንበላ እንኳ አንዳችን ከምግቡ የምናገኘው ሌላችን ከምናገኘው ይለያል ማለት ነው። አበው ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲሉ ይህን አላሰቡም ይሆናል፤ ቢነገራቸው ግን የሚገረሙ አይመስለንም።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቁጥር በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ይነግረናል፤ በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን አይነግረንም። ቁጥሩን አይቶ ምሳን መዝለል፣ ያልተመዘነ ዕቃ በተመዘነ ገንዘብ መግዛት ነው። በዚህ ላይ እኛ ብቻ አይደለንም የተቸገርነው። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ምግቦችን በመሞከሪያ ቱቦ አንቲኦክሲዳንት ኃይላቸው እየደረደረ ያወጣ የነበረውን ሠንጠረዥ በ2012 አንሥቶታል። ምክንያቱም ቁጥሩ በሰው ጤና ላይ ያለውን ውጤት የማያሳይ ሲሆን ምግብና ክኒን የሚሸጡ ድርጅቶች ለማስታወቂያ ስላዋሉት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን፣ «ታዲያ ክኒኑ ሽንኩርት ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ ክዌርሴቲን አለው፤ መቶኛው ቢያንስ እንኳ መጠኑ ይበልጣል» ይሉናል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ብዛት ጥቅም አይደለም። በአሜሪካ 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎች በተካፈሉበትና ውጤቱ በ2022 በታተመ ጥናት፣ ከካካዎ የወጣ 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል በየቀኑ ለገሚሶቹ ተሰጠ፣ ለገሚሶቹ ምንም የሌለበት ክኒን ተሰጠ። ዋናው ጥያቄ የልብና የደም ሥር ሕመሞች በጠቅላላው ይቀንሳሉ ወይ የሚል ነበር፤ እርግጠኛ ሊባል የሚችል ቅናሽ አልታየም። በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞቱት ግን በ27 በመቶ አንሰው ተገኝተዋል። ስለዚህ ነገሩ ከንቱ ነው ብለን በሩን አንዘጋም፤ ተስፋ አለው፣ ጥናትም ይገባዋል። ተስፋን እንደ ማስረጃ አድርጎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደግሞም ከተማሪ ምሳ ላይ ተነሥቶ የሚሸጥ ሲሆን ነውር ይሆናል።

አሁን ዓይናችንን ከብልቃጡ ላይ አንሥተን ወደ ገዛ ወጣችን እንመልስ። ከመቶ ግራም ቀይ ሽንኩርት ከ20 እስከ 50 ሚሊግራም ያህል ክዌርሴቲን ሊገኝ ይችላል፤ ያውም በተሻለ መንገድ ከሚመጠጠው ከግሉኮስ ጋር የተጣበቀው ዓይነት። ሽንኩርት በውኃ ሲቀቀል ከክዌርሴቲኑ ከፊሉ ወደ ውኃው ይወጣል፤ ውኃውን የሚደፋ ሰው ያንን አብሮ ይደፋዋል። የኛ እናቶች ግን ወጥ ሲሠሩ ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምረው፣ ውኃውን እዚያው ውስጥ አስቀርተው ነው የሚያወጡት። የሚደፋ ነገር የለም። ክዌርሴቲን ከቅባት ጋር ሲበላ ይበልጥ እንደሚመጠጥም ታይቷል። ይህን ያደረጉት ስለ ፍላቮኖይድ ሰምተው ሳይሆን ወጡ እንዲጣፍጥ ነው፤ ቢሆንም የሠሩት ሥራ ከኬሚስትሪው ጋር አይጣላም። አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን። ክዌርሴቲኑ ይበልጥ የሚገኘው በውጭኛው የሽንኩርቱ ሥጋ ላይ ነው። ከደረቁ ልጣጭ ጋር ሁለት ሦስት ንብርብር አብሮ የሚጥል ሰው ከሁሉ የበለጠውን መጣሉ ነው።

እዚህ ላይ የአገር ኩራት እንዳያሳስተን ደግሞ እንጠንቀቅ። በውጭ አገር ስለ ጤፍ በሚነገረው ውዳሴ ደስ የሚለን ብዙዎች ነን፤ ጤፍም ፍላቮኖይድ አለው እየተባለ ይነገራል። አለው። ነገር ግን አብዛኞቹ የጤፍ ፍላቮኖይዶች፣ የአፒጄኒንና የሉቴኦሊን ወገኖች፣ ስኳራቸው የተያያዘው በካርቦን ለካርቦን ትስስር ነው። ይህን ትስስር ላክቴዝ አይቆርጠውም። ስለዚህ መንገዳቸው ወደ ወፍራሙ አንጀትና ወደ ባክቴሪያዎቹ ነው። እንጀራን የምንወደው እንጀራ ስለ ሆነ ይሁን፤ በመሞከሪያ ቱቦ ቁጥር የምናወድሰው ከሆነ ግን የሽንኩርቱን ክኒን ከሸጠው ነጋዴ በምን ተለየን?

ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ወደ ደም ያልገባ ፍላቮኖይድ ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም። የሻይ ካቴኪንና ታኒን በአንጀት ውስጥ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን አይረን ይይዙታል፤ የተያዘው አይረን ሳይመጠጥ ያልፋል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚመጠጠው አይረን በብዙ ይቀንሳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠጣ ግን ጉዳቱ ይቀልላል። ሥጋ በየቀኑ ለማይበላ ተማሪ አይረኑ የሚመጣው ከምስርና ከሽሮ፣ ከጎመንና ከእንጀራ ነው፤ በተለይ በየወሩ ደም ለሚፈሳቸው እኅቶቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ምሳችንን በልተን እጃችን ሳይደርቅ ወደ ሻይ ቤት እንሮጣለን። አንዳንዶቻችንም ሻዩን የምንጠጣው «አንቲኦክሲዳንት ስላለው» ነው። በአንድ እጅ የሽሮውን አይረን ተቀብለን በሌላው እጅ መልሰን ማስረከባችን ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ማናቸውንም የክኒንና የዱቄት ማስታወቂያ ስናይ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የተፈተነው በቱቦ ነው ወይስ በሰው? በሰው ከሆነ፣ ወደ ደም የገባው ስንት ነው፣ በምንስ መልክ? የገባውስ የሰውየውን ጤና ለወጠው ወይስ ቁጥር ብቻ ነው የለወጠው? ለሦስቱም መልስ የሌለው ነገር ከምሳ አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ የየትምህርት ክፍሎቻችን መምህራን በቤተ ሙከራ ሥራ ውስጥ የገዛ ምግባችንን እንዲያስገቡልን እንለምናለን። ጥሬውን ሽንኩርትና ከተቁላላ በኋላ ያለውን፣ የሽሮ ዱቄቱንና የተንተከተከውን ሽሮ፣ ሊጡንና የተጋገረውን እንጀራ ወስዶ የፍላቮኖይዱን መጠን በስፔክትሮፎቶሜትር መለካት የማይቻል ሥራ አይደለም። የጨጓራን አሲድና የቆሽትን ኢንዛይም በብርጭቆ ዕቃ አስመስሎ ምን እንደሚለቀቅ ማየትም ይቻላል። የፖምን ፍላቮኖይድ በቃል የሚያውቅ፣ የወጡን ግን ያልለካ ተማሪ ትምህርቱን በላው እንጂ አልተዋሐደውም።

ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ኅብረታችን ከምግብ ቤቱ ኃላፊዎች ጋር ሲነጋገር ስለ ወጡ መቅጠን ብቻ ሳይሆን ስለ ሻዩ ሰዓትም ይነጋገር። ሻይ ከምሳ ጋር መቅረቡ ቀርቶ ከሰዓት በኋላ በዕረፍት ጊዜ ቢቀርብ ተጨማሪ ወጪ የለበትም። ሽንኩርት የሚልጡትም ሰዎች ደረቁን ልጣጭ ብቻ እንዲያነሡ ቢነገራቸው ለወጡም ለኪሱም ይበጃል። ሽንኩርት በሚወደድበት ወር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንዳንዱ አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ ለአንድ ብልቃጥ ክኒን?» ይል ይሆናል። ለብልቃጡ ብቻ አይደለም። ያሳሰበን ሳይንስ ተማርን የምንል ሰዎች በአንድ የታተመ ቃል ፊት ጥያቄ አጥተን መቆማችን ነው። ነገ ከዚህ ወጥተን በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ ስንበተን ሰው የሚጠይቀው እኛን ነው። ያን ጊዜ የምንመልሰው የብልቃጡን ቃል ከሆነ አራት ዓመት በከንቱ ተቀምጠናል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለነጋዴና ለገበሬ ብቻ አይደለም።

ወንድማችን ክኒኑን ጨርሶታል። ሁለተኛ አልገዛም። ምሳውንም አሁን አብሮን ይበላል፤ ሻዩን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አናስጠጣውም። ባዶውን ብልቃጥ አጥቦ ሚጥሚጣ አድርጎበታል፤ በመኝታ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ጽሑፉን እያነበበ ይስቃል።